«ራን» ያለኝ ሁሉ ሩጪ እያለኝ ነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የምሠራው ምግብ ቤት ውስጥ ነው። አለቃዬ «ራን» የምትል ቃል ከአፉ አትጠፋም። ሰሃን አስይዞኝ «ራን ዲስ» ይላል። ወተት ሲያልቅም «ራን»፣ ሰው ሲያረፍድም «ራን»። እኔ የተማርኩት «ሮጠ» ማለት እንደሆነ ነው። ለመሆኑ ስንት ትርጉም አለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ቁጥሩን ስትሰሚ እንዳትደነግጪ። የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ግሱን ብቻ መርምረው 645 ትርጉም አግኝተውለታል። ይህ የተሰማው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ዘውዱ የ«ሴት» ነበር፤ በ1989 እትም 430 ትርጉም ነበረው። (የእኛን ሴት ማለቴ አይደለም፣ አንድን ነገር ማስቀመጥ የሚለውን ነው።) «ራን»ን ያበዛው ማሽን ነው። ባቡሩም፣ ሞተሩም፣ በኋላ ኮምፒውተሩም «ራን» ያደርጋል ተባለ።

በፈረንጅ ብቻ አትፍረጂ። ጉንፋን ይይዘናል፣ ታክሲ እንይዛለን፣ ቀጠሮ እንይዛለን፣ ሥራ ይይዘናል። አማርኛ የሚማር ሰው «ያዘ» ላይ ሲደርስ የሚያየውን አበሳ አስቢው።

ወደ ሥራሽ ልምጣ። አለቃሽ ሰሃን ሰጥቶ «ራን ዲስ ቱ ሲክስ» ካለ፣ ስድስት ቁጥር ጠረጴዛ አድርሺ ማለቱ ነው። ይህን ብቻ የሚሠራ ሰው «ፉድ ራነር» ይባላል። ቶሎ በይ እንጂ ሩጪ አላለም፤ ደግሞ የወጥ ቤት ወለል እርጥብ ነው! «ራን ዘ ካርድ» ካለ የደንበኛውን ካርድ ወስደሽ በማሽኑ አስከፍዪ። «ራን ዘ ዲሽዋሸር» የዕቃ ማጠቢያውን አስነሺው ነው። «ሺ ራንስ ዘ ኪችን» ከተባለላት ሴት ጋር ግን ተስማሚ፤ ወጥ ቤቱን የምትመራው እሷ ናት።

«ራኒንግ ሎው» እና «ራን አውት» አይምታቱብሽ። የመጀመሪያው ወተቱ ሊያልቅ ነው፤ ለመግዛት ጊዜ አለ። ሁለተኛው አልቋል፤ ማኪያቶ ላዘዘው ሰው ሄደሽ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ። «ራኒንግ ሌት» ያለ ሰው ሶፋው ላይ ተጋድሞም ሊሆን ይችላል። ማርፈዱን ነው የነገረሽ። አለቃሽ «ራን ኢት ባይ ሚ» ካለሽ ደግሞ፣ ከማድረግሽ በፊት አማክሪኝ ማለቱ ነው። ይህችን ሳይረዱ ያሻቸውን አድርገው ቁጣ የደረሰባቸው ብዙ አሉ።

645ቱን ልሸምድድ እንዳትዪ፣ ፈረንጁም አያውቃቸውም። ጆሮሽን ከ«ራን» ቀጥላ በምትመጣው ትንሽ ቃል ላይ ጣይ። «አውት»፣ «ኢንቱ»፣ «ኦቨር» የምትለዋ ነች ትርጉሙን የምትገለብጠው።

ምርጫ ሲደርስ ቴሌቪዥኑ «ራኒንግ ፎር ፕሬዚዳንት» ሲል ትሰሚያለሽ፤ ይወዳደራል ማለት ነው። እንግሊዞች ለዚሁ «ስታንድ» ነው የሚሉት። አሜሪካዊው ዕጩ ይሮጣል፣ እንግሊዛዊው ይቆማል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ጓደኛሽን ሳታስቢው መንገድ ላይ ካገኘሻት «አይ ራን ኢንቱ ኸር» በይ። «ራን ኦቨር» ካልሽ በመኪና ሄድኩባት ማለት ነውና፣ የሰማሽ ሰው አምቡላንስ ይጠራል።