ስለ አምስተኛው ጥያቄሽ

ልጄ ሆይ፣

ባለፈው ቅዳሜ ደብተርሽን ይዘሽ በረንዳችን ላይ ስትቀመጪ የቤት ሥራ ነው ብለሽኝ ነበር። «የግል ዕድገቴና የወደፊት ግቤ» በሚል ርእስ ሁለት ገጽ መጻፍ፣ ከመጻፉ በፊት ደግሞ በዕድሜ የገፋ አንድ ባለሙያ መጠየቅ። አራቱን ጥያቄዎች እንደ ውዳሴ ማርያም ወረድኳቸው። የት ተማሩ፣ ለምን ይህን ሙያ መረጡ፣ ምን ችግር ገጠመዎት፣ ለወጣቱ ምን ይመክራሉ። ጡረታ ስወጣ በሽኝቴ ላይ የተናገርኩትም ይኸንኑ ነበር። አምስተኛው ጥያቄ ግን ወረቀትሽ ላይ አልነበረም። ሁለተኛውን ስኒ ቡና እያነሳሽ፣ «ጋሼ፣ አንደኛ ዓመት እያሉ ያፈሩበት ነገር አለ?» አልሽኝ። «አላስታውስም» አልኩሽ። አንቺም ጻፍሽው። እስክሪብቶሽ ስትሄድ አየኋት።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ባለቤቴ ቡናው ነው ትላለች።

ደብዳቤው ለአንቺ ነው፤ ጓደኞችሽም ቢያነቡት አልጠላም። ጊዜሽን በአግባቡ ተጠቀሚ፣ ክፍል አትቅሪ፣ ጓደኛ ምረጪ የሚለውን እናትሽ አጥግባሻለችና ዘልዬዋለሁ።

ግቢ የገባሁት በ1976 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ የሚባሉት አዲስ አበባና አስመራ ብቻ ነበሩ፤ ዓለማያ እንኳ ገና ኮሌጅ ነበር። ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። ማትሪክ ያለፈ ልጅ በሰፈራችን ሠርገኛ ማለት ነበር። አባቴ የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ሰጠኝ። ሰዓቱ በቀን አምስት ደቂቃ ወደ ኋላ ስለሚቀር ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የትም ቦታ ቀድሜ የመድረስ አመል አለብኝ። ባለቤቴ አሁንም በዚህ ትነጫነጫለች፤ ሠርግ ቤት ድንኳን ሳይተከል እንደርሳለን።

ስድስት ሆነን በአንድ ክፍል ነበርን። ከእኔ በላይ ባለው አልጋ የሚተኛው ልጅ ከሁላችንም ዘግይቶ መጣ። አገሩ ሩቅ ነበር፤ ግማሹን መንገድ በእግሩ፣ ግማሹን በጭነት መኪና ነው የመጣው። በአንድ እጁ ማሰሪያው በሽቦ የተጠመጠመ የእንጨት ሳጥን፣ በትከሻው ጋቢ፣ በሌላው እጁ የፍየል ቆዳ ስልቻ ይዞ ነበር። ስልቻው ውስጥ በሶ አለ። እናቱ ገብሱን ቆልታ፣ ፈጭታ፣ እስከ ክረምት ያድርስህ ብላ የሰጠችው ነው።

ማታ ከቤተ መጻሕፍት ስንመለስ፣ የካፌው እራት ከሆዳችን ከጠፋ በኋላ፣ ከሳጥኑ ውስጥ ጠርዙ የተላጠ የቆርቆሮ ኩባያ ያወጣል። ሁለት እፍኝ በሶ፣ ቆንጠር ጨው፣ ጥቂት ውሃ። በጣቶቹ ያሸዋል፤ ከዚያ በመዳፉ ጨብጦ ጨብጦ ሲለቀው የአራቱ ጣቶቹ ቅርጽ ጭብጦው ላይ ተቀርጾ ይቀራል። ለሁለት ይገምሰውና ትልቁን ወደ ታች አልጋ ያቀብለኛል። አንድም ቀን ስጠኝ ብዬው አላውቅም። አንድም ቀን ዘሎኝ አያውቅም።

በሒሳብ ይበልጠኝ ነበር። ይህን ለማመን ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። የሚጎዳው እንግሊዝኛው ነበር፤ አስተማሪው በቃል የሚለውን ለመያዝ ሲታገል ሒሳቡ ያመልጠዋል። በመጽሐፍ ካገኘው ግን መዝገበ ቃላቱን አጠገቡ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ፣ ከሥር ከመሠረቱ ነበር የሚገባው። ስለዚህ መጽሐፉ ከማንኛችንም በላይ ያስፈልገው የነበረው እሱን ነው።

መጽሐፉ የካልኩለስ ነው። ለዚያ ሁሉ ተማሪ ሦስት ቅጂ ነበረው፤ አንዱ ሁልጊዜ ጥገና ላይ ነው ይባላል፣ አንዱ ከተወሰደ ቆይቷል። የቀረው አንዱ ጀርባው በነጭ ፕላስተር የተለጠፈ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ የማይወጣ፣ ቀድሞ የደረሰ እዚያው ተቀምጦ የሚያነበው ነበር። አስተማሪያችን ለፈተና የሚያወጣቸው ጥያቄዎች የዚያ መጽሐፍ መልመጃዎች እንደሆኑ፣ የሚቀይረው ቁጥሮቹን ብቻ እንደሆነ የደረስኩበት እኔ ነኝ። የሁለት ፈተና ወረቀት ከመጽሐፉ ጋር አስተያይቼ ነው። እንዴት እንደኮራሁ! አርኪሜዲስም ከገንዳው ሲወጣ እንዲህ አልተደሰተም።

የማጠቃለያው ፈተና አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የመዝጊያው ደወል ሲደወል፣ መጽሐፉን ወደ ቦታው አልመለስኩትም። ማንም ወደማይሄድበት ጥግ ይዤው ሄድኩና የድሮ የግብርና መጽሔቶች ከተጠረዙበት ረድፍ ኋላ አስገባሁት። አቧራው እጅጌዬ ላይ ቀረ። በማግስቱ ጠዋት ቀድሜ ደርሼ አወጣሁት፤ ራቅ ያለ ጠረጴዛ መርጬ በጋዜጣ ሸፍኜ አነበብኩ፤ ማታ መልሼ ደበቅኩት። እንዲህ አሥራ ሁለት ቀን።

በሁለተኛው ማታ በሶውን እያሸ፣ «ያንን መጽሐፍ አይተኸዋል?» አለኝ።

«አላየሁም» አልኩት።

«ወስደውታል ማለት ነው» አለና ግማሹን ጭብጦ አቀበለኝ።

በእነዚያ ቀናት ሦስት ጊዜ ጠይቆኛል። ሦስት ጊዜ መልሼለታለሁ። ዶሮ አልጮኸም፤ የስምንት ሰዓቱ መብራት ነው የጠፋው።

ውጤቱ በመታወቂያ ቁጥር ተጽፎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። እኔ በካልኩለስ ኤ አገኘሁ። የእሱ ቁጥር ከሚሰናበቱት ዝርዝር ውስጥ ነበር። ያን ጊዜ ከግቢ መሰናበት ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳሽ። የብሔራዊ ውትድርና ዐዋጅ በ1975 ወጥቷል፤ የሚመለከተውም ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ነው። ከግቢ አጥር የወጣ ልጅ መንገዱ ወዴት ሊያደርሰው እንደሚችል ሁላችንም እናውቅ ነበር። አናወራውም እንጂ።

ሳጥኑን በሽቦው አሰረ። ስልቻውን ግን አልጋዬ ላይ ትቶት ሊወጣ ሲል፣ «መንገድ ላይ ያስፈልግሃል» አልኩት። «እኔማ ወደ እናቴ ነው የምሄደው፤ አንተ ነህ የምታጠናው» አለኝ። ተሳቅፌው በር ድረስ ሸኘሁት። በሶው እስከ ፋሲካ አደረሰኝ። ጾሜን ብውል፣ ለሌላ ብሰጠው ኖሮ ታሪኩ ያምር ነበር። በላሁት።

በእንግሊዝኛውም ወድቆ ነበር፣ መጽሐፉን ቢያገኝም ባያገኝም መሰናበቱ አይቀርም ነበር እያልኩ ብዙ ዘመን ኖሬያለሁ። እውነት ሊሆን ይችላል። ብቻ ይህን ሒሳብ ባሰላሁ ቁጥር መልሱ ወደ እኔ ጥቅም ማዘንበሉ ያሳስበኛል።

በ1985 ለወንዝ ልኬት ሥራ ስንጓዝ በእሱ ወረዳ ከተማ በኩል አለፍን። ደርግ ወድቋል፣ ጦሩ ተበትኗል፤ በሕይወት ካለ ቤቱ ገብቷል። ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ «እዚህ ቡና እንጠጣ እንዴ?» አለኝ። «ይመሽብናል፤ ቀጥል» አልኩት። ገና ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ያ ልጅ በሕይወት መኖር አለመኖሩን እስከ ዛሬ አላውቅም። ላውቅ የምችልበት ቀን ግን ነበረኝ።

አሁን ወደ አንቺ ወረቀት ልምጣ። ረቂቁን አሳይተሽኝ ነበር። በ2021 ዲግሪ፣ በ2024 ማስተርስ፣ በ2026 የራስሽ ድርጅት። ገና ትምህርት ክፍል እንኳ ሳትመደቢ! የዛሬ ልጆች ራእይ ትወዳላችሁ። በእኛ ጊዜ ራእይ የሚያዩት መነኮሳት ነበሩ። «ደካማ ጎኔ» በሚለው ሥር ደግሞ «ከመጠን በላይ ጠንቃቃ መሆኔ» ብለሻል። እንዲህ ያለ ደካማ ጎን ለጥሎሽ ይበቃል።

ይህ ወረቀት ሥራዬን ነው ያስታወሰኝ። ወንዝ ዳር በየሴንቲሜትሩ የተሰመረ ዘንግ ይተከላል፤ በአቅራቢያው የሚኖር አንድ ሰው ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ወርዶ ውሃው የደረሰበትን ቁጥር መዝገብ ላይ ያሰፍራል። ድልድይም፣ መስኖም፣ ግድብም የሚነደፈው ከዚያች ቁጥር ተነሥቶ ነው። እኔ መዝገቦቹን ሰብስቤ እመረምር ነበር። አንዳንዱ መዝገብ ንጹሕ ነው፤ የሠላሳው ቀን ቁጥር በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ግፊት ተሞልቶ ይመጣል፤ ውሃው እንደ ደረጃ በየቀኑ ሁለት ሁለት ሴንቲሜትር ይወርዳል። ወንዝ እንዲህ አይወርድም። ሰውዬው ደመወዝ ሊቀበል ሲል ዛፍ ሥር ተቀምጦ የሞላው ነው።

በጣና ዙሪያ ካሉ ወንዞች በአንዱ ግን አንድ ገበሬ ነበሩ። መዝገባቸው ጭቃ የነካው፣ ቀለሙ የተለያየ፣ በክረምት ደግሞ ቀዳዳው የበዛ ነው። ከቁጥሩ ቦታ ላይ «ልጄን ሐኪም ቤት ወሰድኩ፤ አላየሁም» ይላል። ሌላ ቀን፣ «ዘንጉን ውሃው ዋጠው፤ አላየሁም»። ወጣት አለቃ ነበርኩና መዝገቡ ያልተሟላ ነው ብዬ ተቆጣኋቸው። «ጌታዬ፣ ያላየሁትን ልጻፍልዎት?» አሉኝ። ያን ቀን መልስ አልነበረኝም። ያቺ «አላየሁም» የምትለው ቃል ለምን ጆሮዬ ላይ እንደጮኸች ለእሳቸው ልነግራቸው አልችልም ነበር። በኋላ ጎርፍ ስናሰላ ያለ ሥጋት የተጠቀምኩት የእሳቸውን መዝገብ ነው።

እንግዲህ ግብ አታውጪ ልልሽ ነበር፤ ግን ዋሽቼ ምን ላተርፍ? እኔም ደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «ከክፍሉ አንደኛ» ብዬ ጽፌ ነበር። ያ ጽሑፍ ነው ጎሕ ሳይቀድ ሲያስነሣኝ የነበረው። ያ ጽሑፍ ነው መጽሔቶቹ ኋላ እጄን ያስገባውም። ሁለቱን ለይቼ አንዱን ውሰጂ፣ አንዱን ጣይ ብልሽ ደስ ባለኝ። በዚህ ዕድሜዬም አልለየሁትም።

ፉክክሩ ከእኛ ጊዜ ቀለለ አልልም። በ2015 መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች የተሰጠውን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ሲጨርሱ ደግሞ የመውጫ ፈተና ይጠብቃቸዋል። በዚህ ወንፊት ያለፈ ልጅ አጠገቡ ያለውን እንደ ባላንጣ ቢያይ አልፈርድበትም። መጽሐፍ መደበቅ ግን ቀርቷል ብዬ ነበር፤ ሁሉም በስልካችሁ ውስጥ ነው፣ ከመጽሐፍ ይልቅ ስልክ ማየታችሁ ቢያናድደኝም። ይህን ስልሽ ሳቅሽ። የክፍላችሁ አንድ ልጅ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ሰብስቦ፣ ቴሌግራም ላይ ሲጠየቅ የለኝም እንደሚል ነገርሽኝ። «እንዴት አወቅሽ?» አልኩሽ። «እኔ ነኛ የላኩለት» አልሽኝ። ከዚያ ፊትሽ ልውጥ አለ፤ አንቺም ለሌሎቹ እንዳላካፈልሽ ገባኝ። ወዲያው ነው አምስተኛውን ጥያቄ የጠየቅሽኝ። ይህን ያስተዋልኩት ከሄድሽ በኋላ፣ ስኒዎቹን ሳነሣ ነው።

ስለዚህ ማክሰኞ ወደ ግቢ ከመመለስሽ በፊት ደብተርሽን አውጪ። አምስተኛው ጥያቄ ሥር «አላስታውስም» የሚል አለ፤ ሰርዢው። በምትኩ እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ መጽሐፉ ከግብርና መጽሔቶቹ ጥራዞች ኋላ ነበር፣ በመስኮቱ በኩል፣ ከታች ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ።