«ሁሉም ገብቷል፣ እኔ ብቻ ቀረሁ» ላልከው ወንድሜ

ጥያቄህ ለሌሎች የግሩፑ አባላትም እንዲገባ ባጭሩ ልድገመው። ጅማ ተቀጥረህ ትሠራለህ፤ 240 ሺህ ብር ባንክ አለህ። አንዱ የሥራ ባልደረባህ አምና ከአጋሮ ጀንፈል (ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና) ገዝቶ አስቀምጦ ጥሩ አተረፈ። ዘንድሮ «ብርህን ጨምርና አብረን እንግባ» እያለህ ነው። ሌላው ከተማው ዳር ቦታ ገዛ። ሦስተኛው ስልኩ ላይ ክሪፕቶ፣ ማለትም የኢንተርኔት ገንዘብ ይነግዳል። «ሁሉም ገብቷል፣ እኔ ብቻ ቀረሁ። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። ዘንድሮ ካልገባሁ መቼ ልገባ ነው?» ብለሃል። እግረ መንገድህንም ጓደኞችህ ሁሉ ስለቀየሩ አንተም በዱቤ ስልክ መቀየርህን ጠቅሰሃል።

እኔ እዚሁ ጅማ፣ ሄርማታ መርካቶ የቤት ዕቃ ሻጭ ነኝ። የማወራህ ግን ከሱቁ ይልቅ ከዕቁቡ ተነስቼ ነው። የነጋዴ ዕቁብ ጸሐፊ ሆኜ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። የሰው ጥድፊያ ስንት እንደሚያስከፍል ደብተር ላይ ተጽፎ አያለሁ።

እንዲህ ነው። በኛ ዕቁብ ዕጣ የወጣለት ሰው ብሩን አሁን ካልፈለገው ዕጣውን ለሌላ አባል መሸጥ ይችላል። ገዢው ብሩን ቀድሞ ይወስዳል፤ ለሻጩ ደግሞ ስላስቀደመው ከላዩ የሚሰጠው ብር አለ። ያ ጭማሪ እንደ ወቅቱ ነው። ነሐሴ መጨረሻ የልጆች ትምህርት ቤት ሲመጣ ትንሽ ይወጣል። ጥቅምት ላይ ቡና መለቀም ሲጀምር ደግሞ ይሰቀላል። የ2017 ዓ.ም. ግን የጉድ ነበር። ለ200 ሺህ ብር ዕጣ 20 ሺህ ብር ቆርጦ የሰጠ ሰው አይቻለሁ።

እስቲ አስላው። ያ ሰውዬ አንድ ፍሬ ቡና ሳይገዛ ከመቶ አሥር ከስሯል። ቡናው 10 በመቶ ቢጨምርለት እንኳ ጆንያው፣ ጭነቱና መጋዘኑ ሲቆጠር ዕዳ ውስጥ ነው። ምን እንደዚህ አስቸኮለህ ስለው «እትዬ፣ እነ እገሌ ገብተው የለ እንዴ!» አለኝ። በስንት ትገዛለህ፣ ለማን ትሸጣለህ ብለው መልስ የለውም። የሚያውቀው የገቡትን ሰዎች ስም ነው።

ከጸሐፊነቱ ወንበር ላይ ሆኜ የተረዳሁት ይህን ነው። ብዙ ሰው የሚጎዳው የማይረባ ነገር ገዝቶ አይደለም። ቡና ደህና ነገር ነው፤ ቤትም አክሲዮንም ደህና ነገር ነው። ደህናውን ነገር በጥድፊያ ዋጋ ይገዛዋል፤ ያውም ሌላ ጉዳይ በሚጠብቀው ብር። የቤት ኪራይ፣ የእናት መድኃኒት፣ የሚቀጥለው ወር የዕቁብ መጣያ ብር ቡና ውስጥ ይገባል። ከዚያ ዋጋው ትንሽ ሲንገዳገድ መጠበቅ አይችልም፤ በወረደበት ቀን ይሸጣል።

ግን እውነቱን እንነጋገር። ፍርሃትህ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ለብዙ ዓመት የባንክ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት 100 ብር አለፈ። በዚያ ሰሞን አስቀድሞ ዕቃ የገዛ ሰው ተጠቀመ። እኔም ሱቄ ውስጥ አይቼዋለሁ፤ ለመተካት የምገዛው ዕቃ ከሸጥኩበት ዋጋ በላይ ሆኖ ጠብቆኛል። ስለዚህ «ብርህን ባንክ አስቀምጠህ ተረጋጋ» የሚልህን ሰው አልሰማም ብትል አልፈርድብህም።

ነገር ግን አንተ ልብ ውስጥ ሁለት ፍርሃት ተደባልቋል። አንደኛው ብሬ እየሟሸሸ ነው የሚለው ነው። ይህ ሒሳብ አለው። በዓመት ምን ያህል እንደሚያጣ በግምት ታሰላለህ፤ ቀስ በቀስ ወደ ሌላ ነገር ትቀይረዋለህ። ሁለተኛው ባልደረባዬ ጥሎኝ ሄደ የሚለው ነው። ይህኛው ሒሳብ የለውም፤ የሚያውቀው ቃል «ዛሬ» እና «ሁሉንም» ብቻ ነው። እንቅልፍ የነሳህ የትኛው እንደሆነ ራስህን ጠይቅ። የኔ ግምት ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም ጥያቄህ ውስጥ የዋጋ ንረት የሚል ቃል የለም፤ የሰዎቹ ትርፍ ግን ሦስት ቦታ ተጠቅሷል።

ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር አንድ የዕቁባችን አባል አለ። ካህነማንና ትቨርስኪ የሚባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1979 የጻፉትን ነገር አጫውቶኛል። ሰው 1,000 ብር ሲያገኝ ከሚደሰተው ይልቅ 1,000 ብር ሲጠፋበት የሚያዝነው ይበልጣል ነው ነገሩ። እኔ የምጨምርበት ከጅማ ያየሁትን ነው። ጎረቤት ሲያተርፍ እኛ ልባችን ላይ ኪሳራ ብለን እንመዘግበዋለን። ከኪሳችን አምስት ሳንቲም ሳይወጣ ያመናል። ያንን ሕመም ለማስታገስ ደግሞ ብር እናወጣለን።

ወደ ቡናው ልምጣ፤ ዋናው ጉዳይህ እሱ ነው። ጅማ ተወልዶ የቡና ወሬ ያልሰማ የለም፤ ወሬው ግን ሁልጊዜ የሽቅብ ጉዞውን ብቻ ነው የሚያወራው። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ብራዚል ውስጥ ውርጭ ቡናውን መታው፤ በ1969 የዓለም ዋጋ በፓውንድ (ግማሽ ኪሎ ገደማ) ከ3 ዶላር በላይ ወጣ። ያ ክብረ ወሰን የተሰበረው ከ47 ዓመት በኋላ፣ ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ላይ ነው። በመሃሉ ምን ነበር? በ1994 ዓ.ም. ገደማ ዋጋው ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወርዶ ነበር። ያኔ በብዙ ቦታ ገበሬው ቡናውን ነቅሎ ጫት ተከለ። እሱም መቅረትን ፈርቶ ነው፤ ጎረቤቱ ጫት ሸጦ ቆርቆሮ ቤት ሲሠራ እያየ። ዋጋው ሲመለስ ግን የነቀለው ወዲያው አልደረሰበትም። አዲስ ችግኝ ፍሬ ለመስጠት ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል።

አሁን የቅርቡን ተመልከት። የካቲት 2017 ላይ የኒውዮርክ ገበያ የቡና ዋጋ ከ4 ዶላር በላይ ደረሰ። ጅማ ውስጥ ፀጉር ቤት ሳይቀር ስለ ቡና ነበር የሚወራው። ያኔ «5 ዶላር ይገባል» ብሎ የገዛ ሰው ክረምት ሲገባ ዋጋው ከ3 ዶላር በታች ሆኖ ጠበቀው። አዲሱ ዓመት መግቢያ ላይ ደግሞ ተመልሶ ከ4 ዶላር አለፈ። ወረደ ብሎ የሸጠውም ተጸጸተ። አየህ፣ በሰባት ወር ገደማ ውስጥ ቸኩሎ የገባውም ቸኩሎ የወጣውም ተጎድቷል። ባልደረባህ አምና ያተረፈው ጊዜው ስለገጠመለት ይሁን ነገሩን ስለሚያውቅ፣ ከአንድ ዓመት ትርፍ ተነስተህ መለየት አትችልም። እሱም ራሱ መለየቱን እጠራጠራለሁ።

ደግሞ ቡና እንደ ብር ዝም ብሎ አይቀመጥም። ንግዱ ፈቃድ ይፈልጋል፤ ያለ ፈቃድ ሳሎን ውስጥ የተከመረ ጆንያ አንድ ቀን ይወረሳል። እርጥበቱ ከ12 በመቶ ብዙ ከበለጠ ይሻግታል፤ የጅማን ክረምት ታውቀዋለህ። በፈረሱላ ስትገዛ 17 ኪሎ ነው፤ ሲደርቅ ግን ይቀንሳል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ቡና ቢገዛ እሰየው። ሥራው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከደብተሬ ልንገርህ። ያተረፈ ያወራል፤ የከሰረ ዝም ይላል። የምታውቃቸው ሦስቱም ሰዎች ትርፋቸውን የነገሩህ ራሳቸው ናቸው። እኔ ጋ የሚመጡት ሌሎቹ ናቸው። ዕቁባቸውን መጣል ያቋረጡት፣ ዋሳቸው ተጠርቶ የከፈለላቸው፣ «ቤት ውስጥ እንዳይሰማ» ብለው ጆሮዬ ውስጥ የሚያንሾካሹኩት። ለቅሶ ቤት ብታገኛቸው ቡና ገዝተው እንደነበር አትሰማም። የምትሰማው ወሬ ግማሹ ነው፤ እንቅልፍ የነሳህ ያ ግማሽ ነው።

ስለ ቦታው ባጭሩ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ከገበሬ ላይ በመንደር ውል የተገዛ ቦታ ነገ ሕጋዊ ይሆናል በሚል ተስፋ የተገዛ ቦታ ነው። ደላላው «ሌላ ገዢ እየመጣ ነው» ሲልህ፣ ይምጣ በለው። ካርታ ያለውን ቤት ለመግዛት ደግሞ 240 ሺህ ብር አይበቃም፤ ስለዚህ ይህን ለጊዜው እርሳው።

ክሪፕቶውን በተመለከተ ቢትኮይን ኅዳር 2021 እ.ኤ.አ. 69 ሺህ ዶላር ገደማ ደርሶ፣ በዓመቱ ከ17 ሺህ በታች ወረደ። በኋላ መልሶ ወጥቷል፤ ግን በዚያ ዓመት በብድር የገባ ሰው እስኪመለስ መጠበቅ አልቻለም። ብሔራዊ ባንክም በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አሳውቋል። ብትጭበረበር ማን ጋ ትከሳለህ? ስልክ በመንካት ሳንቲም ይሰበሰባል ተብሎ ከተማው በሙሉ ጣቱ እስኪደነዝዝ የነካበትን ክረምት ታስታውሳለህ መቼም።

አንድ የሚገርመኝን ልጨምር። ጥቅምት 2017 ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ለሕዝብ አቀረበ። አንዱ 300 ብር፣ ትንሹ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር። የኩባንያው ሰነድ ወጥቷል፤ ቴሌብር ላይ ቁጭ ብለህ ትገዛ ነበር። ከ100 ሚሊዮኑ የተሸጠው ግን 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው። መግዛት ነበረብህ ማለቴ አይደለም። ግን ልብ በል። ቁጥሩ በተገለጠበት፣ ማንም «ነገ ያልቅብሃል» ባላለበት ቦታ ሰው አልተጋፋም። ወረቀት የሌለው፣ በጆሮ የሚነገረው ነገር ላይ ግን ዕጣ በ20 ሺህ ብር ይገዛል።

ስልኩ ጋ እንምጣ። እዚህ ላይ እኔ ከሻጮቹ ወገን ነኝና ሚስጥሩን ላውጣልህ። ሱቅ ውስጥ ከሁሉም ቃል የሚሸጠው «ነገ ይጨምራል» የሚለው ነው። ሁለተኛው «የቀረችው ይቺ ብቻ ናት» ነው። እኛ አገር የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ እውነት ስለሚሆን ሰው ሳይጠይቅ ያምናል። እውነት ቢሆንም ግን ጥያቄው ሌላ ነው። ፍሪጅ ነገ 5 ሺህ ብር ይጨምራል ብለህ ዛሬ ሳያስፈልግህ 60 ሺህ ብር ብታወጣ 5 ሺህ ብር አላተረፍክም። አንድ ቤት ኤል ሼፕ ሶፋ ሲገባ ግቢው በሙሉ ሶፋ ይቀይራል፤ ሠርግ ላይ አንዷ ሚዜ ልብሱን ካሰፋች ሌሎቹም ተበድረው ያሰፋሉ። ይህ ግን ሁሉም ከንቱ ነው አልልም። ሰው ከሰው ጋር ነው የሚኖረው፤ የእህትህ ሠርግ ላይ ብትቀር ያስወቅስሃል። ስልክ ባለመቀየርህ ግን የሚወቅስህ የለም፤ ጓደኞችህ ያንተን ስልክ ያዩት መጀመሪያው ቀን ብቻ ነው። ዱቤውን ቶሎ ጨርሰው፣ አለቀ።

አሁን ምን ታድርግ ለሚለው፣ ከዕቁባችን የምወደው ነገር ዋስ ነው። ዕጣ የወጣለት ሰው ብሩን የሚወስደው ዋስ ሲያመጣ ነው። ዋሱ፣ ሰውዬው መጣል ቢያቆም ከኪሱ የሚከፍል ስለሆነ ይጠይቃል። ምን ልታደርግበት ነው? ካልሆነስ በምን ትጥላለህ? ዋስ ፍለጋ ሲሄዱ ሐሳባቸውን ቀይረው የተመለሱ ብዙ ናቸው። ለሌላ ሰው ሲናገሩት እቅዱ ቀዳዳ እንዳለው ራሳቸው ሰሙት።

አንተም እንደዚያ አድርግ። ባልደረባህን አትጠይቀው፤ እሱ ገብቷል፣ ሌላ ሰው እንዲገባለት ይፈልጋል። ታላቅ ወንድምህን ወይም የምታከብረውን አንድ ነጋዴ ሂድና «በዚህ ጉዳይ 100 ሺህ ብር ብበደር ዋስ ትሆነኛለህ?» በለው። እውነት አትበደር፤ ዝም ብለህ ጠይቀው። የሚያነሳቸውን ጥያቄዎች ጻፋቸው። መልስ ያጣህባቸው ጥያቄዎች ለባልደረባህ የምታቀርባቸው ናቸው።

ብርህን በተመለከተ፣ እኔ ብሆን መጀመሪያ የስድስት ወር ኪራይና ቀለብ ከ240 ሺው ላይ ለይቼ አልነካውም። የቀረውን አንድ ጊዜ ከማስገባት በየሦስት ወሩ እየከፋፈልኩ አስገባው ነበር። ሕጋዊ አክሲዮን ሊሆን ይችላል፤ የምታውቀው ሥራ ሊሆን ይችላል። አክሲዮን የሚሸጥበትና የሚገዛበት የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያውም ጥር 2017 ተከፍቷል፤ አይሮጥብህም። ቡናው ውስጥ መግባት ከፈለግክም ብትከስር እራትህን የማያስቀርብህን ያህል ብቻ አስገባ።

ባልደረባህን ሦስት ነገር ጠይቀው። የቡና ንግድ ፈቃዱ በማን ስም ነው? ቡናው የት ይቀመጣል፣ የመጋዘኑስ ወረቀት የታለ? ዋጋው ከገዛችሁበት በታች ቢወርድ መቼ እንደምትሸጡና ኪሳራውን እንዴት እንደምትካፈሉ ውሉ ላይ ተጽፏል ወይ? ውል ካላችሁ የሰዎቹን ስም ሸፍነህ እዚሁ ለጥፈው። እዚህ ግሩፕ ውስጥ ከሊሙና ከጌራ ፈቃድ ይዘው የሚሠሩ አባላት አሉ፤ እኔ የማላውቀውን እነሱ ያዩልሃል።