አሰልጣኝም ወንፈል ያስፈልገዋል

«ሽምብጥ አካባቢ ታዳጊዎችን በነፃ የምናሰለጥን አምስት ነን። ኮርስ የሚሰጠን የለም። እርስ በርስ እንማማር ብለን ሁለቴ ተሰበሰብንና ተበተንን። ምን ብናደርግ ይሻላል?» ብለህ የጠየቅከው ወንድሜ፣ ያነሳኸው የእኔም ታሪክ ስለሆነ መልሴ ትንሽ ይረዝምብሃል።

እኔ የማሰለጥነው ዓባይ ማዶ ነው። የከተማችን የእግር ኳስ ክለብ ባህር ዳር ከነማ በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊግ ሲያድግ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሜዳ ወጣ። በ15 ልጅ የጀመርኩት ፕሮጀክት 40 ደረሰ፤ ኳሱ ግን ያው ሦስት ነበር። ከሌላ ሰፈር አሰልጣኞች ጋር እንገናኝ የተባባልነው ያኔ ነው። እኛም እንደናንተ በስብሰባ ጀመርን። እሁድ እሁድ ቡና እየጠጣን ስለ አሰላለፍ እንከራከራለን፣ ሰኞ ግን ሁላችንም የለመድነውን ልምምድ እንደግማለን። በአራተኛው እሁድ የመጣነው ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን።

መላውን ያመጣው ከመካከላችን አንዱ፣ የመራዊ ገበሬ ልጅ ነው። «አባቴ አዝመራውን ብቻውን አያጭድም፤ ወንፈል ይገባል። ዛሬ እሱ ለጎረቤቱ ይውላል፣ ነገ ጎረቤቱ ለእሱ። እኛስ?» አለን። ስብሰባው በዚያው ቀረ። በ15 ቀን አንዴ አንዱ ወደ ሌላው ሜዳ ይሄድና ልምምዱን ከማሟሟቂያው እስከ መጨረሻው ያያል፤ በተራው ደግሞ ባለሜዳው ሄዶ ብድሩን ይመልሳል።

የመጀመሪያው እንግዳዬ ሲመጣ አንድ ልጅ መርጠህ እሱን ብቻ ተከታተልልኝ አልኩት። ሰልፍ መጨረሻ ላይ የቆመ ቀጭን ልጅ መረጠ። ልምምዱ ካለቀ በኋላ ደብተሩን አሳየኝ፤ በ10 ደቂቃ ውስጥ ልጁ ኳስ የነካው 4 ጊዜ ነው። የቀረውን ጊዜ ተራ እየጠበቀ ቆሞ ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጆቹ ቀጥ ብለው ስለሚሰለፉልኝ ብቻ ጥሩ አሰልጣኝ ነኝ ብዬ ስንት ጊዜ ኖሬያለሁ! በማግስቱ ሰልፉን ትቼ በአራት በአራት ከፈልኳቸው፤ ሦስቱ ይቀባበላሉ፣ አንዱ ያባርራል። ኳሱ አይበቃም ስል ልጆቹ ራሳቸው ከቤት የጨርቅ ኳስ ሰፍተው መጡ። ለቅብብል እስኪለምዱ ድረስ እሱም ይሠራል።

ቁጥሩ ለምን እንደጠቀመን ልንገርህ። እኛ ዘንድ ይሉኝታ አለ። ጓደኛህን «ልምምዴ እንዴት ነበር?» ብትለው «በጣም ጥሩ ነው፣ በርታ» ይልሃል። ክፉ ስለሆነ አይደለም፣ ላያስቀይምህ ነው። «ልጁ 4 ጊዜ ነካ» ማለት ግን ስድብም ሙገሳም አይደለም፤ ያየውን ነው የነገረህ፣ ፍርዱ የአንተ ነው። ስለዚህ ባለሜዳው ምን እንዲታይለት እንደሚፈልግ አስቀድሞ ይናገር፣ እንግዳው ያንን አንድ ነገር ብቻ ይቁጠር። ልጆቹ ፊት ግን ምንም አይባልም። እንግዳ አሰልጣኝ ኮቻቸውን ሲያርም ያዩ ልጆች በሚቀጥለው ቀን አይሰሙህም።

ሌላው፣ የአሰልጣኝነት ላይሰንስ ያለው ወይም በዕድሜ ታላቅ የሆነ ሰው ካላችሁ መጀመሪያ የሚታየው የእሱ ልምምድ ይሁን። እኛ በዕድሜ ከትንሹ አሰልጣኝ ጀምረን ነገሩ ፈተና መሰለ፤ እሱ በድንጋጤ ፊሽካ መንፋት ሁሉ ጠፍቶት ነበር። ታላቃችን ሜዳውን ሲከፍትልን ግን ሁሉም ተዝናና።

የእግር ኳስ ሰዎችን ብቻ አትሰብስቡ። ለእኔ ትልቁን ትምህርት የሰጠችኝ መረብ ኳስ የምታሰለጥን እህታችን ናት። ሴት ተጫዋቾቼ በጭንቅላት ኳስ ሊመቱ ዘለው ሲወርዱ ጉልበታቸው ወደ ውስጥ እንደሚታጠፍ ያየችው እሷ ነች። የጉልበት ጅማት ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው እንዲህ ባለው አወራረድ ነው፤ አደጋው ደግሞ በሴቶች ይበዛል። ጉልበትን አጠፍ አድርጎ፣ ከእግር ጣት አቅጣጫ ሳያስወጡ መውረድን ታስተምር ጀመር። ፊፋ ያዘጋጀው «11+» የሚባለው ማሟሟቂያም ይህንኑ ይዟል። 20 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፣ ውድ ዕቃ አይጠይቅም፤ የተዘጋጀው ዕድሜያቸው 14 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ነው።

አሁን የሚያመኝን ልንገርህ። አንድ ቀን አንድ ልጅ ከግብ ቋሚ ጋር በጭንቅላቱ ተጋጨ። ውሃ አፈሰስኩበት፣ «ደህና ነኝ» ሲለኝ መልሼ አስገባሁት። ማታ ሲያስመልሰው አደረ። እግዚአብሔር ይመስገን ዳነ። ለጓደኞቼ ስነግራቸው ሁሉም የሚያደርጉት ያንኑ ነበር፤ ሁላችንም አንድ ዓይነት ስህተት ስለነበረብን ማንም ማንንም ሊያርም አልቻለም። ያረመችን ነርስ የሆነች የአንድ ተጫዋች እናት ናት። ጭንቅላቱን ተመትቶ የደነዘዘ ወይም የዞረበት ልጅ በዚያ ቀን ወደ ሜዳ አይመለስም፤ ካስመለሰው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ወይም ራስ ምታቱ ከባሰበት ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይሄዳል። ስለዚህ አልፎ አልፎ የውጭ ሰው ጋብዙ። ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ የስፖርት አካዳሚ አለው፤ ተማሪዎቹን ብትጠይቋቸው የሚመጣ አታጡም።

ክረምት ላይ ደግሞ ሐይቁ ዳር የምትሠሩ ከሆነ፣ ነጎድጓድ ከሰማችሁ ልጆቹን ዛፍ ሥር አታስጠልሉ። ቤት አስገቧቸው፣ የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትመለሱ።

እኔ ሐሙስ 10፡30 ላይ ልምምድ አለኝ። አዲሱን ድልድይ ተሻግረህ ና፣ ደብተር ያዝ። በረኞቼን ብቻ እይልኝ፤ ከእነሱ ጋር ምን እንደምሠራ እስካሁን አልገባኝም። በሚቀጥለው ሐሙስ እኔ ሽምብጥ እመጣለሁ።