ደገኛ ነኝ፤ ታዲያ ጨነቅ ላይ ምን ነካኝ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ41 ዓመት ሰው ነኝ፤ ጎንደር ተወልጄ ያደግሁ። አምና ከጓደኞቼ ጋር ጠዋት በመኪና ተነስተን ማታውን ሰሜን ተራሮች፣ ጨነቅ አደርን። ሌሊቱን ራሴን ይፈልጠኝ ጀመር፤ አስመለሰኝም። ጓደኞቼ «ምች ነው» ብለው ዳማ ከሴ አሹልኝ፤ አረቄም አቀመሱኝ። በኅዳር ቧሂት ተራራ ልንወጣ ነው። ደገኛ ሆኜ ከፍታ እንዴት ይከብደኛል?

መልስ፦ ደገኛነትዎን አልክድም። ግን ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ነው፤ ጨነቅ ደግሞ 3,600። በአንድ ቀን 1,500 ሜትር ወጡ ማለት ነው፤ ያውም ቁጭ ብለው። በእግር ቢሆን ድካሙ ራሱ ያስቆምዎት ነበር።

ምች አይደለም፤ የከፍታ ሕመም ነው። ከፍ ባልን ቁጥር በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ያንሳል፤ ሰውነት ይህን እስኪለምድ ቀናት ይፈልጋል። ከጉብዝና ጋር አይገናኝም፤ ሯጩን ጥሎ ቦርጫሙን ሊምር ይችላል። ዳማ ከሴው ግድ የለም። አረቄው ግን በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽን ያዘገያል፤ ያን ሌሊት ባይቀምሱት ይሻል ነበር።

ዘንድሮ መጀመሪያ ደባርቅ ይደሩ። በማግስቱ ሳንቃ በር፣ ከዚያ ግጭ፣ ከዚያ ጨነቅ። ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያዎ ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር። ቧሂት ከ4,400 ሜትር ቢያልፍም ወጥተው በዚያው ቀን ይወርዳሉ፤ ዋናው የሚያድሩበት ነው። አይቸኩሉ፣ ጭላዳዎቹ የትም አይሄዱም።

አሴታዞላማይድ የሚባል መከላከያ ኪኒን አለ። አምና ስለታመሙ ሊጠቅምዎት ይችላል፤ ግን ሐኪም ሳያይዎት አይግዙት። ሰልፋ ለሚባሉት መድኃኒቶች አለርጂ ወይም የኩላሊት ችግር ካለብዎት ይንገሩት። ሽንት ያመላልሳል፣ ጣትንም ይወርራል፤ አይደንግጡ።

አሁን ለጓደኞችዎ የሚያነቡላቸው፦ ራስ ምታት የያዘው ሰው እስኪሻለው ወደ ላይ አይወጣም። ከባሰበት መሬት ላይ መስመር ያስምሩና ተረከዙን ከጣቱ እያገጠመ ያራምዱት። እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ፣ ከቀባዠረ ወይም ቁጭ ብሎ እያለ ትንፋሽ ካጠረው ነገሩ ከባድ ነው፤ ይገድላል። «ይንጋና እናያለን» አይባልም። ለስካውቱ (አብሯችሁ ለሚጓዘው የፓርኩ ጠባቂ) ነግራችሁ ሌሊትም ቢሆን አውርዱት፤ ብቻውን ግን አይላክ። መኪና ካለ እስከ ደባርቅ ድረስ። ብዙ ጊዜ የሚያዘገየን ይሉኝታ ነው፤ በሽተኛው «ጉዞውን እንዳላበላሽባቸው» ብሎ ዝም ይላል። እርስዎም አምና ስንት ሰዓት ዝም እንዳሉ ያውቁታል።