ለአዘዞው ወንድማችን ጥያቄ፦ ትርፉ ከማድቤት ነው የሚጀምረው

ሰላም ወንድሜ። አዘዞ ላይ ምግብ ቤትና ጥቂት አልጋ ያለው ፔንሲዮን እያሠራህ እንደሆነ ጽፈህ፣ «አካባቢን የማይጎዳ አሠራር እውነት ትርፍ አለው ወይስ ለፈረንጅ ማሳያ ነው?» ብለህ ጠይቀሃል። እዚሁ ጎንደር፣ አራዳ አካባቢ ምግብ ቤት ከከፈትሁ አሥራ አንድ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ፎቁ ላይም አራት አልጋ አለኝ። የደረሰብኝንና ያተረፍሁትን ልንገርህ፤ ይረዝማል፣ ታገሠኝ።

አዎ፣ ትርፍ አለው። ብቻ ብዙ ሰው በሚጠብቀው በር አይገባም። እኔም ስጀምር፣ ወደ ስሜን ተራሮች የሚያልፈው እንግዳ «ተፈጥሮን የሚንከባከብ ቤት» የሚል ጽሑፍ ሲያይ ዋጋ ጨምሮ ያድራል ብዬ ነበር። ታፔላ አሠራሁ። ከዚያ በ2012 ኮሮና መጣ፣ ጦርነቱ ተከተለ፣ ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ያለውን ደግሞ አንተም እዚሁ ሆነህ ታየዋለህ። ታፔላውን አንብቦ የገባ እንግዳ በጣት የሚቆጠር ነው። ያን ክፉ ቀን ያሻገረን የማገዶ፣ የውሃና የቆሻሻ ወጪያችን መቀነሱ ነው።

ከማገዶ ልጀምር። እንጀራ የምንጋግረው ጓሮ ባለችው ማድቤት፣ በሦስት ጉልቻ ነበር። ለእንጨት ብዙ እንደማወጣ አውቃለሁ፣ ስንት እንደሆነ ግን ቆጥሬው አላውቅም። ጋጋሪያችን አንድ የአህያ ጭነት ባለቀ ቁጥር ግድግዳው ላይ በከሰል አንድ መስመር እንድታሰምር ነገርኋት። በሁለት ሳምንት አሥር መስመር ተሰመረ። ደነገጥሁ። ወዲያው ምርጥ ምድጃ አስገባሁ፤ ያ ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው፣ ተገጣጥሞ ምጣዱን ዙሪያውን የሚከብበው ማለቴ ነው። ከጉልቻ ጋር ሲተያይ ማገዶን እስከ ግማሽ ይቆጥባል፤ እኛ ቤት ግን መጀመሪያ ላይ የቀነሰው ሦስት መስመር ብቻ ነበር። ቆሜ ስከታተል ጥፋቱ የምድጃው አይደለም፤ እርጥብ ባህር ዛፍ እንደ ወፈረ እየታጨቀበት ነው። እንጨቱን ቀጠን አድርገን አስፈለጥን፣ ከዝናብ ከልለን ሦስት ሳምንት አደረቅነው፣ ከዚያ በኋላ አምስት መስመር ላይ ረጋ። ጭሱ በሚወጣበት በኋላ በኩል ድስት ስለሚጣድ የዕቃ ማጠቢያ ውሃችን እዚያው ይሞቃል፤ ለሱ የምናነደው ከሰል ቀረ። ጋጋሪያችን ዓይኗ ሁልጊዜ ቀልቶ ነበር የሚውለው፣ ሌሊት ደግሞ ሳል አያስተኛትም ነበር። አሁን ያ ሳል የለም። ከብሩ ሁሉ እኔን የሚያስደስተኝ ይኼ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ይበቃኛል እንዳትል። ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፣ ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየጊዜው ከፍ እያለ ነው፣ የመብራቱን መጥፋትም ታውቀዋለህ። ሁለቱም ይኑሩህ። በኤሌክትሪክ ስትጋግር ደግሞ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት አታስጋግር፤ ምጣዱ አንዴ ከሞቀ የሁለት ቀኑን እንጀራ ባንድ ጊዜ ማውጣት ነው።

ቆሻሻውን ቀድሞ ልጣጩንም፣ ትርፍራፊውንም፣ ሶፍቱንም፣ ፌስታሉንም አንድ ላይ እያስጣልሁ፣ ለሚያነሡት ልጆች በጆንያ ቁጥር እከፍል ነበር። አንድ ከብት የሚያደልብ ጎረቤት «ልጣጩንና ትርፍራፊውን ለብቻ ካደረግሽልኝ እኔው እየመጣሁ እወስዳለሁ፣ ገንዘብም እሰጣለሁ» አለኝ። ሁለት በርሜል አቆምሁ፤ የምግቡን አረንጓዴ ቀለም ቀባሁት። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ሰውየው መጣና ብዙም ሳይናገር በረቱ ድረስ ይዞኝ ሄደ። ላሙ ሆዷ ተነፍቶ፣ መኖ እምቢ ብላ ቆማለች። ተመልሰን በርሜሉን ስንገለብጠው ከሥሩ በወጥ የተለወሰ ሦስት ፌስታል ወጣ። እግዚአብሔር ይመስገን ላሟ ተረፈች፤ የሐኪሙን ወጪ እኔ ከፈልሁ።

ሠራተኞቼን ተቆጣሁ። ቁጣው ሁለት ቀን ሠራ፣ በሦስተኛው በርሜሉ እንደገና ተቀላቀለ። ቆይቶ ነው የገባኝ፦ ድካሙ የእነሱ፣ ገንዘቡ የእኔ ሆኖ ማን ብሎ ይለያል? ከዚያ ወዲህ የበርሜሉ ሽያጭ ሙሉ በሙሉ የዕቃ አጣቢዎቹና የአስተናጋጆቹ ሆነ፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ ራሳቸው ይካፈሉታል። ካንዱ ሳህን ላይ ስቲኪኒ ሲቀር ሌላዋ ቀድማ ታነሣዋለች። እኔ የማተርፈው በሳምንት ስከፍልበት የነበረው አምስት ጆንያ ሁለት መሆኑን ነው። ጎረቤቴም ፍግ ይሰጠኛል፤ ጓሮዬ ያለው ጎመንና ቃሪያ በሱ ነው የሚበቅል። ወንድሜ፣ ከጻፍሁልህ ሁሉ አንዱን ብቻ የምትይዝ ከሆነ ይኼን ያዝ፤ ሠራተኛው ያልተካፈለው ቁጠባ አይበረክትም።

ሃይላንዱን ቆራሌው ይወስደዋል፣ ገንዘቡ ትንሽ ነው። ፌስታሉ በ2017 በወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ስለተከለከለ ከአሁኑ ሳትለምደው ጀምር፤ እኔ በራሱ ሳህን ወጥ ለሚወስድ ደንበኛ አንድ ጭልፋ እጨምራለሁ። የተቃጠለ ዘይትም ቱቦ ውስጥ አታስደፋ። ከተማችን በአንገረብና በቀሃ መሐል ናት፤ የደፋነው ካንዱ ወንዝ ሳይገባ አይቀርም። ለጥምቀት የፋሲለደስን መዋኛ የሚሞላው ቀሃ መሆኑን ሳስብ እጄ ይያዛል።

የውሃን ነገር ለጎንደር ሰው አላስረዳም። የአንገረብ ግድብ ከተራቆተው ዳገት በሚወርደው ደለል እየተሞላ ነው፣ እኛም በፈረቃ እንጠብቃለን፣ ሲብስም ከቦቴ እንገዛለን። ክረምት ላይ ግን ውሃው በቆርቆሯችን ላይ እየወረደ መንገድ ይሄዳል። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። ከተማችን በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ያህል ታገኛለች፣ አብዛኛውን ከሰኔ እስከ መስከረም። 100 ካሬ ጣሪያ ካለህ 100,000 ሊትር ወረደበት ማለት ነው። የሚፈሰውንና የሚተነውን ከአምስት እጅ አንዱን ብትቀንስ እንኳ 80,000 ሊትር ይቀርሃል፤ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 4,000 ጀሪካን። ሁሉን ማጠራቀም አይቻልም፣ እኔም ያለኝ ሁለት ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ ነው። ግን ክረምቱን ሙሉ እየተሞላ እየተቀዳ ይቆያል፤ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ቦቴ በሬ ላይ አይቆምም። ለመጸዳጃ፣ ለአንሶላ እጠባና ለወለል ነው የምንጠቀምበት፣ ለምግብ አናውለውም። የመጀመሪያዎቹን ዝናቦች ልቀቃቸው፣ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ይጠቡልሃል።

ሶላር ላይ አትቸኩል። በብድር የገዛሁት የሶላር ውሃ ማሞቂያ በሁለተኛው ክረምት ማፍሰስ ጀመረ፤ የሸጠልኝ ነጋዴ መለዋወጫ አልነበረውም፣ ብድሩን ግን እስከ መጨረሻው ከፈልሁ። ዕቃው መጥፎ ነው አልልህም። መጀመሪያ ሥራ ጀምረህ ስንት ሰው በቀን እንደሚታጠብ እወቅ፣ ሲበላሽ የሚጠግነው ማን እንደሆነም አግኝተህ አነጋግር፣ ከዚያ ግዛ። እስከዚያው አምፖሎችህን ኤልኢዲ አድርጋቸው።

አሁን ቤትህ ጣሪያ ላይ ደርሷል ብለሃል። እንግዲያውስ ነገ ጠዋት ቆርቆሮ መቺውን አነጋግረው፤ አሸንዳው ወደ ጓሮ ያዘንብል፣ ሮቶው የሚቀመጥበትም ከፍ ያለ መደብ ይሠራ፣ ውሃው ያለ ፓምፕ እንዲወርድልህ። እኔ ያሰብሁት ቤቱ ካለቀ በኋላ ስለነበር ለቱቦው ግድግዳ አስፈርሻለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከተመቸህ ብቅ በል፣ ምድጃውን ታየዋለህ፣ ጋጋሪያችንንም ራስህ ትጠይቃታለህ። ግድግዳው ላይ ያሉትን መስመሮች አላስጠፋኋቸውም።