«ፋኒያማ» የኢንዲራ የራሷ ታሪክ ነው ወይ ለሚለው ጥያቄ

እህታችን፣ ለመጻሕፍት ክበባችሁ ስለ ህንዳዊቷ ልቦለድ ጸሐፊ ኤም. ኬ. ኢንዲራ የ20 ደቂቃ ገለጻ ልታቀርቢ እንደሆነ ጽፈሽ ሁለት ነገር ጠይቀሻል። አንደኛው በ45 ዓመቷ መጻፍ ጀመረች የሚባለው እውነት ነው ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ፋኒያማ» የተባለው ልቦለዷ የራሷ ሕይወት ነው ወይ የሚል።

የመጀመሪያው እውነት ነው፤ ቁጥሩን ብቻ አስተካክለሽ ያዢ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ልንገርሽ። የተወለደችው በ1917 መጀመሪያ፣ በደቡብ ህንድ ቱንጋ ወንዝ ዳር ባለችው ቲርታሃሊ ነው። የመጀመሪያ ልቦለዷ «ቱንጋባድራ» በ1963 ታተመ። መጻፍ ስትጀምር 45፣ መጽሐፉ ሲወጣ 46 ዓመቷ ነበር ማለት ነው፤ በየቦታው ሁለት ቁጥር የምታገኚው ለዚህ ነው።

ሰባት ዓመት ብቻ ተምራ በ12 ዓመቷ ተዳረች። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሠላሳ ምናምን ዓመታት ብዙዎች እንደ ባዶ ጊዜ ይዘሏቸዋል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። በአገሯ ቋንቋ በካንናዳ የተጻፈ ግጥም አጥንታለች፣ የሂንዲ ሥነ ጽሑፍ አንብባለች፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጆሮዋ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ማልናድ በሚባለው ደናማ ተራራ አገር፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ሳያባራ፣ ሴቶች ማዕድ ቤት ተሰብስበው የሚያወሩት ሁሉ በኋላ ልቦለድ ሆኖላታል። ከዚያው ከቲርታሃሊ አካባቢ የወጣው ደራሲ አናንታሙርቲም «ሳምስካራ» (1965) በተባለው ልቦለዱ የብራህሚኖችን፣ ማለትም የሂንዱ ካህናት ወገኖችን መንደር ጽፏል። የእሱ መጽሐፍ ሃይማኖታዊ ክርክሩን ይዞ ይሄዳል፤ ኢንዲራ ግን የምትገባው በጓዳ በኩል፣ ምጥ በያዛት ሴት አልጋ አጠገብ ነው። እኔን ከጠየቅሽኝ የእሷው ያመዝንብኛል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ስንመጣ፣ ፋኒያማ ኢንዲራ አይደለችም። ኢንዲራ በልጅነቷ የምታውቃቸው አንዲት አሮጊት መበለት ነበሩ፤ ታሪካቸውን ለኢንዲራ እናት አጫወቷቸው፣ ከእናትየዋ ወደ ልጅየዋ ተላለፈ። በ1976 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። በመጽሐፉ ውስጥ ፋኒያማ በ9 ዓመቷ ትዳራለች፣ ባሏም ወዲያው ይሞትባታል፤ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ እንደ መበለቶች ወግ ፀጉሯ ይላጫል። ከዚያ በኋላ እስከ 112 ዓመቷ ድረስ የሰው ቤት ሥራ እየሠራች፣ እያዋለደች ትኖራለች። ራሷ ወልዳ አታውቅም፣ የሚወልዱት ሴቶች ምስጢር ሁሉ ግን እሷ ዘንድ ነው። መንካታቸው እንደ ርኩሰት ከሚቆጠረው፣ «የማይነኩ» ከሚባሉት ወገን የሆነች ሴት ምጥ ሲጠናባት እንኳ ወጉን ጥሳ ታዋልዳታለች፤ ስለ ድፍረቷ ግን ቃል አይወጣትም።

ገለጻ አቅራቢዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ፋኒያማን አመፀኛ አድርገው ያቀርቧታል። እሷ ለራሷ አንድም ወግ አላፈረሰችም። አልላጭም ብላ የቆመችው ዳክሻያኒ የምትባለው ወጣት መበለት ናት፤ አሮጊቷ ፋኒያማ ከእሷ ጎን መቆሟ ነው መጽሐፉን የሚያከብደው። ዕድሜ ልኳን ወጉን የተሸከመች ሴት «ይቅርባት» ስትል ማንም «አታውቂውም» ሊላት አይችልም።

ስሟን በተመለከተ፣ ኤም እና ኬ እንደ ደቡብ ህንድ ልማድ ከስሟ ፊት የሚቀመጡ ፊደላት ናቸው፤ የምትጠራው ኢንዲራ ተብላ ነው። እኛም የቤተሰብ ስም ስለሌለን አድማጮችሽ ቶሎ ይገባቸዋል። «ካንናዳ» ስትዪ ግን ካርናታካ ውስጥ የሚነገር ቋንቋ መሆኑን አስቀድመሽ ተናገሪ፣ አለዚያ ግማሹ ሰው ሰሜን አሜሪካ ሄዶ ይጠብቅሻል። ግዛቱ እስከ 1973 ድረስ ማይሶር ይባል ስለነበር በድሮ ጽሑፎች ስሙ ቢለወጥብሽም አትደናገሪ። በ2025 ዓለም አቀፉን የቡከር ሥነ ጽሑፍ ሽልማት የወሰደችው ባኑ ሙሽታቅም የምትጽፈው በካንናዳ ነው፤ ያሸለማት መጽሐፍ ግን የአጫጭር ልቦለዶች ስብስብ ነው፣ ከኢንዲራ ጋር አታምታቻቸው።

ለማነጻጸሪያ ሌላዋን የካንናዳ ደራሲ ትሪቬኒን አንሺ። በሥነ ልቦና የተመረቀች የማይሶር ሴት ናት፤ በ1953 የመጀመሪያ ልቦለዷን አውጥታ፣ በ1963 ከወለደች በኋላ በ34 ዓመቷ ሞተች። ኢንዲራ ወደ አደባባይ የወጣችበት ዓመትም ያው 1963 ነው። ዳይሬክተሩ ፑታና ካናጋል የሁለቱንም መጻሕፍት በካልፓና መሪ ተዋናይነት ወደ ፊልም ቀይሯል፤ የኢንዲራን «ጌጄ ፑጄ» በ1969፣ የትሪቬኒን «ሻራፓንጃራ» በ1971። «ፋኒያማ»ን የሠራችው ግን ፕሬማ ካራንት ናት፣ በ1983።

ካንናዳ የማያነብ ሰው በቴጃስዊኒ ኒራንጃና የእንግሊዝኛ ትርጉም ይጀምር። ተርጓሚዋ ሐኪምና ልቦለድ ጸሐፊ የነበረችው የአኑፓማ ኒራንጃና ልጅ ናት። ጊዜሽን ለሕይወት ታሪኳ 5 ደቂቃ፣ ለ«ፋኒያማ» 12፣ ለትሪቬኒና ለፊልሞቹ 3 አድርገሽ ክፈዪው። ሰዓት ካጠረሽ ፊልሞቹን ዝለያቸው፤ ስለ ዳክሻያኒ የሚያወሩትን ገጾች ግን ድምፅ አውጥተሽ አንብቢላቸው።