«ዝም ብለሽ ፈርሚ»

የጎረቤታችን ልጅ ዩኒቨርሲቲ መመደቡን ሊነግረኝ መጥቶ «ጋሼ፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በነፃ ነው አይደል? ታዲያ ወጪ መጋራት የሚሉት ምንድን ነው?» አለኝ። ቀላል ጥያቄ ነው። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን በሂሳብ ሥራ የፈጀሁ ሰው ነኝ። ሆኖም ቶሎ መመለስ አቃተኝ፤ ይህንኑ ጥያቄ ከዓመታት በፊት ሌላ ሰው ጠይቆኝ ነበርና።

ታናሽ እህቴ ዩኒቨርሲቲ የገባችው በ1997 ዓ.ም. ነው። ወጪ መጋራት፣ ማለትም ተማሪው ከትምህርቱ ወጪ ድርሻውን ኋላ ሠርቶ የሚከፍልበት አሠራር፣ የተጀመረው በ1996 ስለነበር ያኔ በቅጡ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነበር። አንድ ቀን ከግቢው አጠገብ ካለ ሱቅ ደወለችልኝ። «ውል ፈርሙ እያሉን ነው። ዕዳ ነው ይላሉ። ልፈርም?» የወር መጨረሻ ነበር፤ ፔይሮል እየዘጋሁ ነበር። «ዝም ብለሽ ፈርሚ፣ ሁሉም ይፈርማል» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

እኔ የተማርኩት ምንም ሳልፈርም ነው። ምግቡም አልጋውም ከመንግሥት ነበር። ከቤት የወጣሁ ዕለት አባቴ መናኸሪያ ድረስ ሸኝቶኝ፣ መሀረቡን ፈትቶ የቋጠራትን ብር በእጄ ሲያስጨብጠኝ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ለእኔ የትምህርት ወጪ ማለት ያቺ ብር ብቻ ነበረች። የእህቴ ፎርምም ተራ ወረቀት መሰለኝ።

እሷ ግን ዕዳውን ካልከፈልኩ የአባቴን መሬት ይወስዱበታል ብላ ሦስት ዓመት ሙሉ ስትፈራ ኖራለች። ይህን የነገረችኝ ከተመረቀች በኋላ ነው። አንድ ደቂቃ ብቆምላት ኖሮ ከፋዩ ተመራቂው ራሱ እንደሆነ፣ የሚከፍለውም ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቆረጠ እንደሆነ እነግራት ነበር።

በ2000 ዓ.ም. አንድ የግል ድርጅት በ1,400 ብር ቀጠራት። በየወሩ 140 ብር ይቆረጥባታል። ወረቀቱን አሳየችኝና «ትክክል ነው» አልኳት። ስሌቱ በእርግጥም ትክክል ነበር። ገንዘቡ ገቢ ስለመደረጉ ማስረጃ ጠይቂ ግን አላልኳትም። በአራት ዓመት 6,720 ብር ተቆረጠባት።

ከዚያ ውጭ አገር የመማር ዕድል አገኘች፤ ኦርጅናል ዲግሪ ተጠየቀች። ሬጅስትራር የወጪ መጋራት ክፍያሽን ጨርሰሽ ማስረጃ አምጪ አላት። የተቆረጠው ተደምሮ የቀረውን ከፍላ የምትጨርስ መስሏት ገቢዎች ብትሄድ በስሟ የገባ አንድም ብር የለም። አሠሪዋ ቆርጦ አላስገባም፤ ድርጅቱም በዚያው ሰሞን ተዘግቶ ነበር። አራት ወር አብረን ተመላለስን። የማመልከቻው ቀን ሲያልፍ ገቢዎች ደጃፍ ላይ ቆመን ነበር። እህቴ አልጮኸችብኝም። «አንተ እኮ የሂሳብ ሰው ነህ» ብቻ ነው ያለችኝ። ዕዳውን እንደ አዲስ ከፍላ ኦርጅናሏን ያወጣችው በ2006 ነው። ያ ዕድል ግን ተመልሶ አልመጣም።

እንግዲህ ለጎረቤቴ ልጅ የመለስኩለት ይህንን ነው። ሲጀመር በወጣው ደንብ መሠረት ተማሪው የሚጋራው ከማስተማሪያው ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን ነው፤ የምግቡና የመኝታው ግን ሙሉ በሙሉ የእሱ ነው። ስለዚህ ዕዳውን የሚያከብደው ትምህርቱ ብቻ አይደለም፣ በየቀኑ በግቢው ካፌ የሚበላው ምግብም ተቆጥሮ ነው። ሥራ ሲይዝ ቢያንስ ከደመወዙ 10 በመቶ ይቆረጣል። ለመምህርነት የሚሰለጥኑ በአገልግሎት የሚከፍሉበት መንገድ አለ። በዚህ ምክንያት ብቻ መምህርነትን የሚመርጥ ልጅ ሳይ ግን እከፋለሁ፤ ለልጁም፣ ነገ ለሚያስተምራቸውም።

የፈረማችሁትን ውል ኮፒ ያዙ። መቆረጥ ሲጀምር ገንዘቡ በስማችሁ ገቢ ስለመሆኑ በየዓመቱ ራሳችሁ ሄዳችሁ አረጋግጡ። የደመወዝ ወረቀት መቆረጡን እንጂ መግባቱን አያሳይም። ቆጥቡ፣ አታባክኑ የሚለውን እናቶቻችሁ ስለነገሯችሁ አልደግመውም።

የዛሬ ልጆች አንድ ስልክ ለመግዛት ሳምንት ሙሉ ሲያነጻጽሩ አያለሁ፤ ውል ሲሰጣቸው ግን መፈረሚያውን ቦታ ነው የሚፈልጉት። ይህ ያናድደኛል። ያም ሆኖ ይህ ልጅ ከመፈረሙ በፊት ጠይቋል። እህቴም ጠይቃ ነበር፤ ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

ዕዳውን አትፍሩት እላለሁ፤ ያለ እሱ የማይማር ስንት የድሃ ልጅ አለ። የራሴን ልጅ ግን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በጥሬው ከፍዬለታለሁ፤ ቀድሞ ለሚከፍል ቅናሽ ስላለው ነው ብዬ ለባለቤቴ ነገርኳት። እውነቱ ግን ያንን ደጃፍ ዳግም ማየት አለመፈለጌ ነው።

ልጁ ፎርሙ ሲሰጠው ፎቶ አንስቶ ሊልክልኝ ተስማምተናል። ለእህቴም ነገርኳት። «ለእኔም ይላክልኝ፣ አብረን እናነበዋለን» ብላለች።